ከጉልቻ እስከ ኤሌክትሪክ ምጣድ፦ ለወሎ ቤቶችና ቅሬዎች የምድጃ መምረጫ

ባለፈው ክረምት የሰፈራችን ቅሬ ስብሰባ ላይ የማገዶ ነገር ተነሣ። ወሎ ላልሆናችሁ፣ ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይቀብራል፣ በአንድ ድንኳን ይቀመጣል። ገንዘብ ያዡ የዓመቱን ወጪ ሲያነብ ለለቅሶ ቤት የተገዛው እንጨት ከድንኳን እድሳቱ በልጦ ተገኘ። ሰው አጉረመረመ።

አንዷ «ምርጥ የሚባለውን የእንጀራ ምድጃ ለሁላችንም እንግዛ» አለች። አንድ ወጣት ደግሞ «የምን እንጨት ነው በዚህ ዘመን? ኤሌክትሪክ ምጣድ!» አለ። ከወደ ኋላ ባዮጋዝ የሚል ድምፅ መጣ። አንድ ሽማግሌ ሁሉንም ሰምተው «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ብለው ዘጉት። ሳቅን። ግን ተረቱ የሚያወራው ስለ ወጡ ነው እንጂ ስለ እንጨቱ አይደለም። ወጡ ባይጣፍጥም እንጨቱ ይተርፋል።

ክርክሩ በዚያ ምሽት አላለቀም። እኔም ከዚያ ወዲህ ስጠይቅ፣ ስለካና ስሞክር ከረምኩ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ውጤት ነው። የምጽፈው ደሴ ሆኜ ስለሆነ ለከተማ ባደላ አትፍረዱብኝ፤ አክስቴ ኩታበር ስላለች የገጠሩንም ነገር ከእሷ አልደበቅም።

መጀመሪያ እሳቱ የት እንደሚሄድ እወቁ

ምድጃ ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። በአገራችን ቤቶች ብዙውን ማገዶ የሚበላው ወጥ ወይም ቡና አይደለም፤ እንጀራ ነው። የቤቱ ኃይል ከግማሽ በላይ እዚያ ምጣድ ሥር ይሄዳል። ስለዚህ ቡና ማፍያ ምድጃ ለውጣችሁ ጉልቻውን እንዳለ ከተዋችሁት ትልቁን ቀዳዳ ትታችሁ ትንሹን ደፈናችሁ ማለት ነው። ብዙ ሰው ግን የሚጀምረው ከትንሹ ነው፤ ምክንያቱም ርካሽ ነው፣ በእጅ ተይዞ ይመጣል።

ሁለተኛው ነገር ቦታ ነው። ወሎ አንድ አገር አይደለም። ደላንታና ለጋምቦ ደጋው ላይ ዛፍ ስለሚያጥር ኩበት ይነዳል። ኩበት ሲነድ የሚቃጠለው የማሳው ማዳበሪያ ነው። ቆቦ በኩል የማሽላ አገዳ አለ። ባቲና ሐርቡ አካባቢ ግራሩ ከሰል ሆኖ መኪና ላይ ይወጣል። ደሴ ላይ ያ ከሰል በማዳበሪያ ከረጢት ይደርሰናል። ኮምቦልቻ ሞቃት ናት፤ ደሴ ግን ጦሳ ሥር ተቀምጣ ትበርዳለች፤ ስለዚህ ማታ ማንደጃ ወደ ቤት ይገባል። ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ የለም የምለው ለዚህ ነው።

ምርጥ ምድጃ ወይስ ኤሌክትሪክ ምጣድ?

ዋናው ውድድር የእነዚህ የሁለቱ ነው። ሌላውን በኋላ በአጭሩ እነካካዋለሁ።

ምርጥ ምድጃ ከ30 ዓመት በፊት ገደማ እዚሁ አገራችን ለእንጀራ ተብሎ የተሠራ ነው። ሲሚንቶና ቀላል የእሳተ ገሞራ አሸዋ ተቦክቶ በብረት ቅርጽ ይወጣል። 6 ቁራጭ ነው። አራቱ ምጣዱን ዙሪያውን ይከባሉ። ሁለቱ ከኋላ ጭሱ የሚወጣበትን ይሠራሉ፤ እዚያ ላይ ድስት ይጣዳል። እሳቱ በሦስት አቅጣጫ ከመበተን ይልቅ ምጣዱ ሥር ይዞርና ከኋላ ይወጣል። በደንብ ከተያዘ የጉልቻውን እንጨት እስከ ግማሽ ይቆጥባል።

ይህን በወረቀት ከማመን ብለን እኛ ሰፈር ሞከርነው። ሦስት ሴቶች ከአንድ ሊጥ እኩል ተካፈሉ። እንጨቱንም በሚዛን እኩል አካፈልን። አንዷ በጉልቻ፣ ሁለቱ በምርጥ ምድጃ ጋገሩ። በጉልቻ የጋገረችው ሊጡ ሳያልቅ እንጨት ጨርሳ ከጎረቤት ጭራሮ ተበደረች። ከምርጦቹ አንዱ ላይ ግን ሁለት ደህና ፍልጥ ተረፈ። ሦስተኛዋስ? እሷም ምርጥ ምድጃ ነበራት፤ ግን ከጉልቻው ብዙም አልተሻለችም። ሁላችንም ግራ ገባን።

ጠጋ ብለን ስናየው ነገሩ ገባን። ባለቤቷ ትልልቅ ግንድ እንዲገባለት ብሎ የምድጃውን አፍ በመዶሻ አስፍቶታል። ቁራጮቹ የተገናኙበት ቦታም በጭቃ አልተመረገም፤ በስንጥቁ እሳት ይታያል። ምጣዱ ደግሞ ከምድጃው ያንሳል፤ ዙሪያውን ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። ሰውየው «ምን ላድርግ፣ መፍለጥ ሰለቸኝ» አለ። እውነቱን ነው። እንጨት አሳንሶ መፍለጥ የምርጥ ምድጃ የተደበቀ ዋጋ ነው። ይህን ሥራ ማን እንደሚሠራ ቤታችሁ ውስጥ ሳትስማሙ አትግዙ።

ስትገዙ ጥፍራችሁን ጠርዙ ላይ ፋቅ አድርጉት። እንደ አሸዋ ከረገፈ ሲሚንቶው ተሰርቆበታል፣ ወይም ውኃ ሳይጠጣ ደርቋል። ጥሩ ምድጃ ከቅርጽ ከወጣ በኋላ ለቀናት ጥላ ውስጥ ውኃ እየተረጨበት መቆየት አለበት። የሚቸኩል አምራች ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። የምጣዳችሁንም ስፋት ለክታችሁ ሂዱ።

ወደ ኤሌክትሪክ ምጣድ እንምጣ። ጭስ የለም፣ ጥላሸት የለም፣ ዓይን አያለቅስም። ለካርቦንም ቢሆን የሚወዳደረው የለም፤ የአገራችን መብራት ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚመጣው ከውኃና ከነፋስ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ምጣዱን ስታበሩ የሚቃጠል ዛፍ የለም።

ሒሳቡን ግን አብረን እንሥራ። አንድ የተለመደ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። እስኪሞቅ 15 ደቂቃ እንበል። 30 እንጀራ በሦስት ሦስት ደቂቃ 90 ደቂቃ ይወስዳል። በድምሩ 105 ደቂቃ ነው፤ 6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ማለት ነው። በሳምንት ሁለቴ የሚጋገርበት ቤት በወር 50 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ለእንጀራ ብቻ ያወጣል። የመብራት ታሪፉ ደግሞ ርካሹን ዋጋ የሚሰጠው ለመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ከዚያ በላይ በወጣችሁ ቁጥር የአንዱ ዋጋ ይጨምራል። ስለዚህ ምጣዱ ብቻውን ርካሹን እርከን ይበላዋል። ቴሌቪዥኑ፣ ፍሪጁና ካውያው የሚከፈሉት በውዱ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? እኔን ያሳመነኝ የጎረቤቶቼ ዘዴ ነው። አንድ ግቢ ውስጥ ያሉ ሦስት ቤቶች ቀን ቆርጠው በተራ በአንድ ምጣድ ይጋግራሉ። አንዷ ስትጨርስ ሌላዋ ሊጧን ይዛ ትቀመጣለች፤ ምጣዱ አይበርድም። በዚህ ሁለት ጊዜ የማሞቂያ 15 ደቂቃ ይቀራል። በአንድ ዙር 1.75 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ትንሽ ይመስላል። በሳምንት ሁለቴ ሲሆን ግን በወር 15 ይደርሳል፤ አንድ ቤት ለሁለት ቀን ተኩል የጋገረችው ያህል ነው። ሥራውም ከወሬ ጋር ያልቃል። ጣጣው ቆጣሪው ነው። ሦስቱ ቤቶች ቆጣሪ የሚጋሩ ከሆነ ችግር የለም። ካልተጋሩ የእንጀራውን ቁጥር በደብተር ጻፉ፤ በእንጀራ ተካፈሉ። በደብተር ያልተጻፈ የመብራት ሒሳብ ወዳጅ ያጣላል፤ ደርሶብኝ አይቻለሁ።

ተከራይ ለሆናችሁ ደግሞ ሌላ ግድግዳ አለ። እኔ የመጀመሪያውን ቤት ስከራይ አከራዬ ቁልፉን ሳይሰጠኝ በፊት «ምጣድ አይቻልም» አለኝ። ፈርቶ ነው። 3,500 ዋት ከሶኬቱ 16 አምፔር ያህል ይስባል። ቀጭን ማከፋፈያ ላይ ከሰካችሁት ሽቦው ይቀልጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚከተለውን አላወራም። ምጣድ የራሱ ወፍራም ሽቦና የራሱ ብሬከር ይፈልጋል። ይህን በራሴ ወጪ አሠርቼ ካሳየሁት በኋላ ነው ሰውየው የለሰለሰው።

ስትገዙ ሱቁ ውስጥ እንዲሰኩላችሁ ጠይቁ። ሃያ ደቂቃ ቆዩና እጃችሁን ከሥሩና ከጎኑ አስጠጉ። ከላይ እንደሚግለው ከሥሩም የሚግል ከሆነ ውስጡ ሙቀት የሚይዝ ነገር አልተደረገበትም። እግራችሁን እያሞቃችሁ ልትከፍሉ ነው።

መብራት ሲሄድስ? በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ሰሞን ደሴም ኮምቦልቻም መብራት ጠፍቶ ከርሟል። በላይ ያሉት ወልድያና ላሊበላ ደግሞ ከእኛ የባሰ አይተዋል። ያኔ ጉልቻውን የጣለ ሰው መልሶ ድንጋይ ፍለጋ ወጣ። ስለዚህ የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ከተማ ከሆናችሁ፣ መብራታችሁም ደህና ከሆነ፣ ኤሌክትሪክ ምጣድ በጋራ፤ ለክፉ ቀን ደግሞ ለሦስት ለአራት ቤት አንድ ምርጥ ምድጃ። ገጠር ከሆናችሁ ወይም መብራቱ የሚመጣው ሲፈልግ ከሆነ፣ ምርጥ ምድጃ ለየቤቱ። ሁለቱንም ለየቤት መግዛት ግን ብር ማቃጠል ነው።

ከሰሉ

ላቀች የሚባለው የከሰል ምድጃ ውስጡ ሸክላ ነው፤ ከተለመደው የቆርቆሮ ማንደጃ ጋር ሲተያይ ከሰሉን ሩብ ያህል ይቆጥባል። ሩብ ቀላል አይደለም። በአፈር ተዳፍኖ በሚከሰልበት አሠራር 1 ኪሎ ከሰል ለማውጣት 5 ኪሎና ከዚያም በላይ እንጨት ይሄዳል። ከደሴ ማንደጃ የተረፈች አንዲት ኪሎ ከሰል ሐርቡ ላይ የግራር ቅርንጫፍ ታተርፋለች።

ቢሆንም ላቀችን አንደኛ ምርጫ አላደርገውም። ለቡና ይሁን። ጀበና ላይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪደርስ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፤ እዚያ ላይ የሚያህለው የለም። ወጥ የሚሠራው በእንጨት ከሆነ ግን ትክክል ወይም ጎንዜ የሚባሉትን ምድጃዎች ጠይቁ። ጎንዜ የሸክላ ስለሆነ ሸክላ ሠሪ ባለበት አካባቢ ይቀላል።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ደሴ ስለሚበርድ ማንደጃ ይዞ መተኛት የለመደ ሰው አለ። ከሰል አይጨስም ማለት መርዝ የለውም ማለት አይደለም። ሽታ የሌለው ጋዝ ነው የሚገድለው። ላቀችም ይሁን ቆርቆሮ፣ በር ተዘግቶ ማንደጃ መኝታ ቤት አይገባም። በቃ።

ባዮጋዝ፦ ላም ላለው

ባዮጋዝ አማራ ክልልን ጨምሮ በአራት ክልሎች በመንግሥት ፕሮግራም የተጀመረው በ2001 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ነገሩ ያምራል። እበቱ ጉድጓድ ውስጥ ይብላላል፣ ጋዙ ወጥ ይሠራል፣ የቀረው ዝቃጭ ማሳ ላይ ይወጣል። ኩበት ከሚያነድ ቤት ጋር ስታስተያዩት ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው፤ ማዳበሪያው አይቃጠልማ።

ግን አራት ከብት ይፈልጋል። ያውም ማታ በረት የሚገቡ። አንዷ ሌሊቱን 10 ኪሎ እበት ጣለች እንበል፤ አራቱ 40 ኪሎ ነው። 40 ኪሎ እበት ለማቅጠን 40 ሊትር ውኃ ያስፈልጋል። ሁለት ጀሪካን። በየቀኑ። ውኃ ከወንዝ የሚቀዳ ከሆነ ያን ጀሪካን የምትሸከመው ያው እንጨት ትሸከም የነበረችው ናት። ሸክሙን ከጀርባዋ ወደ ጀርባዋ አዛወራችሁት።

ሌላም አለ። በጋዙ እንጀራ መጋገር ያስቸግራል፤ ነበልባሉ ለሰፊ ምጣድ አይዳረስም። ስለዚህ ትልቁ ቀዳዳ ሳይደፈን ይቀራል። አክስቴ ባዮጋዝ ሲወራ «ላም አለኝ በሰማይ ነው» ትላለች፤ እሷ ያላት ሁለት በሬና አንድ ጥጃ ነው። ስድስት ከብትና ግቢ ውስጥ ቧንቧ ላለው ጎረቤቷ ግን አስገቡ ብዬ እመክራለሁ። ምርጥ ምድጃውን ሳይጥሉ።

ትንንሾቹ

ሶላር ለመብራትና ለስልክ ነው፤ ለምጣድ አታስቡት። መብራት ያልደረሰበት ቤት ኩራዝ ካለ ግን ነገ ዛሬ ሳትሉ ቀይሩት። ዋስትና ከሌለው ሻጭ አትግዙ።

አምፖል ግን ሰው ይንቀዋል። 60 ዋት ቢጫ አምፖል የሚሰጠውን ብርሃን 9 ዋት ኤልኢዲ ይሰጣል። አምስት ቢጫ አምፖል በቀን አራት ሰዓት ቢበራ በወር 36 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ኤልኢዲ ሲሆን 5.4 ብቻ። ቅድም ያሰላነውን የምጣድ ፍጆታ አስታውሱ፤ ከግማሽ በላዩን አምፖል ብቻ ቀይራችሁ ታገኙታላችሁ። ኤሌክትሪክ ምጣድ ሊገባበት የታሰበ ቤት መጀመሪያ አምፖሉን ይቀይር።

ነፃው ደግሞ ክዳን ነው። ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ባቄላና ሽምብራ ከኮምቦልቻ ይልቅ እኛ ጋ የሚዘገዩት ለዚህ ነው። እሳቱን ብታጋግሙት ውኃው ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ ይተናል እንጂ። ንፍሮውን ማታ ዘፍዝፉት፣ ሲፈላ ክዳኑን ግጠሙና እሳቱን ቀንሱ። እንጨትም ቢሆን እርጥቡ የሚነደው ውኃውን ለማድረቅ ነው፤ ክረምት ሳይገባ ፈልጣችሁ ጣራ ሥር አስገቡት።

በምን ይገዛ?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰፈር የሚበላሸው። በነፃ የታደለ ምድጃ ውስጥ ዶሮ ስታድርበት አይቻለሁ። ባለቤቲቱን ብትጠይቁ «ሰጡኝ፣ ተቀበልኩ» ነው መልሷ። ሳንቲም ያላወጣ ሰው ምርጊቱ ሲሰነጠቅ አያስጠግንም።

እቁብ ለከተማ ጥሩ ነው። ዕጣው ሲወጣ ብር ሳይሆን ምጣድ ይሰጣል፤ እቁቡ በጅምላ ስለሚገዛ ዋጋም ይከራከራል። ችግሩ የመጨረሻዋ ሴት ዓመት ሙሉ መጠበቋ ነው። በዚያ መሃል ዋጋ ከጨመረ ኪሳራው የእሷ ነው። ስለዚህ ገና ሲጀመር ልዩነቱን ሁሉም ይጋራዋል ተብሎ ይፈረም።

ቅሬ ሌላ ነው። ገንዘቡ ቀድሞ አለ፤ አባሉ ወርሃዊውን ሲከፍል የምድጃውንም ጨምሮ ይከፍላል። ነገር ግን የቅሬ ብር የሬሳ ብር ነው፤ አንድ ክፉ ወር ቢመጣ መጉደል የለበትም። ሽማግሌዎቹ እዚህ ላይ ሲጠነክሩ ልክ ናቸው። እኔ የማምንበት መንገድ ቅሬው ከራሱ እንዲጀምር ነው። ለለቅሶ ቤት የሚሆኑ ሁለት ሦስት ምድጃ ይግዛ። ከመጀመሪያዎቹ ለቅሶዎች በኋላ የእንጨት ወጪውን ያለፈው ዓመት ካወጣው ጋር ያስተያይ። ለቅሶ ላይ የጋገረች ሴት ደግሞ ዓይኗ ሳያለቅስ መዋሏን ለጎረቤት ታወራለች። ከዚያ የተሻለ ማስታወቂያ የለም።

ገጠር ላይ ጅጌ፣ ሌላው አገር ደቦ የሚለው፣ ይሻላል። አንድ የብረት ቅርጽና አንድ የሠለጠነ ሰው ከተገኘ ሰፈሩ ተሰብስቦ ራሱ ያወጣዋል፤ ምድጃው ከኮምቦልቻ ተጭኖ በኮረኮንች ሲሄድ የሚሰበረውም ይቀራል። ሲሚንቶው ላይ ብቻ ስስት እንዳይኖር።

የኛ ቅሬ በመጨረሻ ሦስት ምርጥ ምድጃ ለለቅሶ ቤት እንዲገዛ ወስኗል። ሁለቱ ደርሰዋል። ሦስተኛው አሁንም አምራቹ ጓሮ ጥላ ውስጥ ውኃ እየጠጣ ነው። ያ «ጉልቻ ቢለዋወጥ» ያሉት ሽማግሌ ትናንት መንገድ ላይ አግኝተውኝ «አብሽሪ ልጄ፣ እኔም ለቤቴ አስመዝግቢኝ» አሉኝ። አክስቴም ደውላ ነበር። ምጣዷን በሲባጎ ዙሪያውን ለክታ፣ ሲባጎውን ጠቅልላ በመኪና ልካልኛለች።